ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ የተላከው ኢሜይል

እትዬ ባቄላ የተገኙት ሐሙስ ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በገዛ ቤታቸው የዘር ክፍል ወለል ላይ ተዘርረው ነው። ቦርሳቸው ከትከሻቸው አልወረደም። ጃንጥላቸው ክንዳቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ከግንባራቸው የወረደው ደም ቅንድባቸው ላይ ደርቋል፤ ትንፋሻቸው ግን አልተቋረጠም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላ ቃኘችው። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ሁሉ ባቄላ። ነጭ፣ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀረው። ጥግ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ በሩ ተከፍቶ ያጉረመርማል። ከአራቱ የማቀዝቀዣው እርከኖች ሦስቱ ሙሉ ናቸው። ሁለተኛው ባዶ ነው።

«ሃያ አራት ጠርሙስ ነበር» አለ ሳጅኑ። «በረዶው ላይ የቀረውን ክብ ምልክት ቆጠርኩት።»

ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል። ያየውን ሁሉ በእርሳስ ስለሚጽፍ ጣቢያው ውስጥ «አባ መዝገብ» ነው የሚባለው። ኢንስፔክተሯን በአሥር ዓመት ይበልጣታል። እሱ አለቃውን አንቺ ይላታል፣ እሷ የበታቿን እርስዎ ትለዋለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሲሠሩ ይህ ነገር አንዳቸውንም ቅር አሰኝቷቸው አያውቅም።

«ሌላስ ምን ጎደለ?»

«ሦስት ወፍራም ደብተሮች። ቴሌቪዥኑ አለ፣ ኮምፒውተሩ አለ፣ የወርቅ ጉትቻቸው እንኳ መሳቢያው ውስጥ ነው። በር አልተሰበረም፣ መስኮት አልተነካም።»

«ሌባው የመጣበትን ያውቃል ማለት ነው።»

«ባቄላ የሚሰርቅ ሌባ በሠላሳ ስድስት ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ባቄላ ብቻ አይደለችም» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ተናጋሪው ጎረቤትየው ነበር። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ። እትዬ ባቄላን ያገኛቸውና ፖሊስ የጠራው እሱ ነው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለፉባት ናት» አለ። «ሥሯ አይበሰብስም። ውኃ የተኛበት መሬት ላይ ብትዘራ እንኳ ትቆማለች። ምርምር ቢሮ እያሉ ጀመሯት፣ ጡረታ ወጥተው እዚህ ጓሮ ጨረሷት። ድፍን ሰፈሩ እትዬ ባቄላ የሚላቸው በሷ ነው።»

«እርስዎ እንዴት አገኟቸው?»

«ከፀጉር ቤት ስመለስ በራቸው ገርበብ ብሎ አየሁ። እትዬ በር ገርበብ አድርገው አያውቁም። ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰው ይገባብኛል ብለው ይሠጋሉ።» ኮፍያውን አገላበጠው። «ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔ ልንገራችሁ። በአጥሩ ዛፍ የተነሳ ሦስት ዓመት ተጨቃጭቀናል። የቤታቸው ትርፍ ቁልፍም እኔ ጋ ነው።»

አባ መዝገብ እርሳሱን አሾለ። ኢንስፔክተሯ ግን ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ፀጉሩ ገና የተቆረጠ ነው፤ አንገቱ ላይ ብናኝ ፀጉር አለ።

«ፀጉር አስተካካዩን አባ መዝገብ ይጠይቁታል። እትዬ የማይሰሙ ከሆነ ሰው እንዴት ያገኛቸዋል?»

«በኢሜይል ነዋ። ስልክማ ምን ያደርግላቸዋል። ቀኑን ሙሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ናቸው።»

ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ላይ ነበር። ኢንስፔክተሯ ጓንት አድርጋ መክፈቻውን ነካችው፤ ፓስወርድ ጠየቃት። የፊደል ገበታውን ገለበጠችው። ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ፓስወርዱ በደማቅ ቀለም ተጽፎበታል።

«የኔም እንዲሁ ነው» አለ አባ መዝገብ።

«አውቃለሁ።»

ኢንቦክሱ ንጹሕ ነው። ያልተነበበ ኢሜይል አንድ ብቻ። ከላይ ያሉትን ሁለቱን አነበበች። አንደኛው ትናንት የተላከ ነው፤ ከምርምር ቢሮው። እትዬ ስለ አዲሱ ዝርያ ምዝገባ ለመወያየት ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲገኙ ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ያልተነበበው፣ የዛሬ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ። የጻፈው የቀድሞ ረዳታቸው ነው።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ ነኝ። መብራት ስለጠፋ የጄኔሬተሩ ጩኸት ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው፤ የእርስዎን ጆሮ በሰጠኝ እስክል ድረስ። በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ ኮምፒውተርዎን አየዋለሁ። አክባሪ ልጅዎ።»

*

የምርምር ቢሮው ፀሐፊ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«መጥተው ነበር፤ ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ዛሬ ምንም ስብሰባ የለም ብዬ በወረቀት ጻፍኩላቸው። ተናደዱ። ‹እኔን አሮጊት ብላችሁ ትጫወቱብኛላችሁ› ብለው ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጡ።»

«ይህንን ኢሜይል አልላካችሁም?»

ፀሐፊዋ ቅጂውን ለዓይኗ አስጠግታ አየችው። አድራሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይኸው፣ አንድ ፊደል ተደግማለች። የኛ አንድ ናት፣ እዚህ ሁለት ናቸው። ስሙንማ ማንም የኛን ስም መጻፍ ይችላል። ሰው የሚያየው ስሙን ነው፤ አድራሻውን ማን ያያል?»

መንገድ ላይ አባ መዝገብ ሰዓቱን ደመረ። እትዬ ከቤት የወጡት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከቢሮው ሦስት ከአርባ አምስት ወጡ፤ በአውቶቡስ ሃያ አምስት ደቂቃ፤ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ቤታቸው ደረሱ።

«አንድ ሰው ከቤት እንዲወጡለት ፈልጎ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ያሰበው እስከ ቀትር እንዲቆዩለት ነው። እሳቸው ግን ቶሎ ተመለሱ።»

*

የቀድሞው ረዳት አሁን በአንድ የግል የዘር ድርጅት የምርምር ክፍል ኃላፊ ነው። ድርጅቱ ከከተማው ዳርቻ፣ ከእትዬ ቤት በመኪና አርባ ደቂቃ ይርቃል። በር ላይ ያለው ዘበኛ የእንግዳ ስም መዘገበ። ከኋላው ያለው ሰሌዳ በማስታወቂያ ተሸፍኗል፤ የስብሰባ ጥሪ፣ የመብራት ማስታወቂያ፣ የጠፋ ቁልፍ። አባ መዝገብ እንደ ልማዱ ቆሞ ሁሉንም ገለበጠ።

«ሠራተኛ ሲወጣና ሲገባም ትመዘግባለህ?» አለችው ኢንስፔክተሯ ዘበኛውን።

«እንግዳ ብቻ ነው። ኃላፊዎቹ በጀርባው በር ነው የሚመላለሱት።»

ረዳትየው አርባ ዓመት የሞላው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የታረመ ሰው ነበር። የእትዬን ነገር ሲሰማ ወንበሩ ላይ ዝልፍልፍ አለ።

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ገና አልነቁም።»

ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ጽፌላቸው ነበር። ሰዓቱ ኢሜይሉ ላይ አለ።»

«አይቼዋለሁ» አለች። ስለ ሰዓት ገና አልጠየቀችውም። «ዘሩን ማን ይፈልገዋል ብለው ያስባሉ?»

«ሰው ማማት አልወድም። ግን ሴት ልጃቸው ሌላ ከተማ የዘር ፍተሻ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ዋጋውን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከአራት ወር በፊት ተጣልተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ለእናቷ አንድ መስመር ጽፋላቸው አታውቅም። እትዬ ይህን ሲያነሱ ያለቅሱ ነበር።»

*

ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አባ መዝገብ ፀጉር አስተካካዩን አነጋግሮ ተመለሰ። ጎረቤትየው ከሦስት ሰዓት ከሃምሳ እስከ አምስት ከሩብ ድረስ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ግማሹን ጊዜ የዛፉን ክርክር ሲያወራ።

«አንድ ነገር ግን ጨመረልኝ» አለ አባ መዝገብ። «ጎረቤትየው ወደ ፀጉር ቤቱ ሲሄድ የእትዬን ልጅ በሩ ላይ ቆማ አይቷታል።»

ልጅቷ ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ነበረች። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ የእናቷን ሰፊ ግንባር ይዛለች። ከሰዓት በኋላ ነው የደረስኩት ብላ ለነርሷ ነግራታለች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጠዋት እናትሽ በር ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አፍሬ ነው የዋሸሁት» አለች። «በጠዋቱ አውቶቡስ መጣሁ። አንኳኳሁ። እማ እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ የበሩን አምፖል ቁልፍም ተጫንኩ፣ ሰው ሲመጣ ሳሎን ውስጥ መብራት ብልጭ የሚያደርገውን። አልከፈተችም።»

«ከዚያስ?»

«እዚያው ቆሜ ከስልኬ ኢሜይል ላክሁላት። ‹እማ፣ በር ላይ ነኝ› ብዬ። አራት ወር ሙሉ ስጽፍላት መልስ አልሰጠችኝም፤ ይኼኛውን እንኳ ታይ ይሆናል ብዬ።» ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ። «እንደላክሁት ወዲያው ከውስጥ የመልእክት ድምፅ ሰማሁ። ጢን አለ። ደርሷታል፣ አይታዋለች፣ ልትከፍትልኝ አልፈለገችም አልኩ። ጥቂት ጠብቄ ሄድኩ።»

«ድምፁን በእርግጠኝነት ሰምተሻል?»

«በመስኮቱ በኩል። የዘሩ ክፍል መስኮት መንገዱ ላይ ነው።»

«አራት ወር ጽፌላታለሁ አልሽ። ስንት ኢሜይል?»

«ይኼን ጨምሮ አሥራ አራት።»

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። ኢንቦክሱን በዓይኗ አይታዋለች። ከልጅቷ የመጣ አንድም አልነበረም።

«ትያዝ?» አለ አባ መዝገብ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ። «በሩ ላይ ነበረች፣ ዋሽታለች፣ ጥላቸው የታወቀ ነው፣ ጻፍኩ ያለችውም አልተገኘም።»

«በሦስት ከአርባ አንድ እናትየው ምርምር ቢሮ ከፀሐፊዋ ጋር እየተሟገቱ ነበር። ታዲያ ቤቱ ውስጥ ጢን ያለው ምንድነው?»

አባ መዝገብ ጥያቄውን በእርሳስ ጻፈው።

*

ዓርብ ጠዋት የፖሊስ ኮምፒውተር ባለሙያዋ የእትዬ ባቄላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትዕግሥቷ ለማሽን እንጂ ለሰው ብዙም የማይተርፍ ሴት ናት።

«ድምፁ ከዚህ ሊሆን ይችላል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከዚህ? ይኼ ድምፅ ማውጫ የለውም። ለማይሰማ ሰው ምን ያደርጋል ተብሎ ሳይገጠምለት ቀርቷል። ስልካቸውስ?»

«ኢሜይል የማይቀበል አሮጌ ስልክ ነው፤ እሱም ቦርሳቸው ውስጥ ነበር።»

አባ መዝገብ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። የተላከ ኢሜይል ሳይደርስ ሲቀር የት ነው የሚሄደው? መንገድ ላይ ይጠፋል?»

«አይጠፋም አባባ። አድራሻው ከተሳሳተ ለላኪው ይመለሳል፤ እድሉ ከጠመመ የሌላ ሰው አድራሻ ሆኖ ያ ሰው ያነበዋል። ካልሆነም ማሽኑ ቆሻሻ ነው ብሎ ቆሻሻው ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። አልደረሰኝም ብለው እኔ ጋ ከሚመጡ አሥር ሰዎች ዘጠኙ ደርሷቸዋል፤ አላዩትም እንጂ።»

«የሰረዝኩትስ?»

«አንድ ወር ያህል የተሰረዙት ውስጥ ይቆይልሃል። እስቲ አሁን ልሥራ።»

ቆሻሻው ፎልደር ውስጥ የልጅቷ ኢሜይል አልነበረም። ከተሰረዙትም ውስጥ የለም። ባለሙያዋ ማስተካከያው ውስጥ ገባች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

«ማጣሪያ አለ።»

«ማጣሪያ ምንድነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለማሽኑ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ከዚህ ሰው የመጣውን እዚህ አስቀምጥ፣ ከዚያኛው የመጣውን ጣል የሚል። የራስዎን ሰባት ሺህ ያልተነበበ ኢሜይል በሱ ያጽዱት ብዬ ስንቴ ነግሬዎታለሁ። ይኼኛው እንዲህ ይላል። ከልጅቷ የሚመጣው ሁሉ ኢንቦክስ ሳይገባ ‹የድሮ ደረሰኞች› ወደሚባል ፎልደር ይሂድ። እንደተነበበም ይቆጠር፤ ስለዚህ አዲስ ነገር መጣ የሚል ምልክት አይታይም። ቅጂው ደግሞ ለሌላ አድራሻ ይላክ።»

ፎልደሩን ከፈተችው። አሥራ አራቱም ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ኢንስፔክተሯ ቆማ አነበበቻቸው። የመጀመሪያዎቹ ይቅርታ ናቸው። አምስተኛው ላይ ነገሩ ይለወጣል። «እማ፣ ዛሬ ላቦራቶሪያችን አንድ የምዝገባ ማመልከቻ ደረሰ። ባቄላው ያንቺ ነው፤ አገላለጹ ቃል በቃል ያንቺ ነው። ያመለከተው ግን የሱ ድርጅት ነው። ቶሎ በስምሽ አስመዝግቢ።» ስምንተኛው ይለምናል። አሥራ አንደኛው «ናሙናውንና የመስክ ደብተሩን እስከ ሰኞ እንዲያቀርቡ ታዘዋል፤ ከየት ሊያመጡት ነው?» ይላል።

«እሳቸውስ ለልጃቸው አልጻፉም?»

«ሦስት ጊዜ ጽፈዋል። ግን የአድራሻ መዝገቡ ውስጥ የልጅቷ አድራሻ ተነካክቷል። አንድ ፊደል ተደግማለች። የሄደው ለሌላ ሰው ነው።»

እናትና ልጅ አራት ወር ሙሉ ሲጻጻፉ ነበር። መሐላቸው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ያነባል።

«መቼ ነው የተደረገው?»

«ከልጅቷ መጥቶ ኢንቦክስ የገባው የመጨረሻው ኢሜይል ከአራት ወር በፊት፣ የወሩ ስድስተኛ ቀን ላይ ነው። የመጀመሪያው የተደበቀው ዘጠነኛው ቀን። በመሐሉ ይህን ማሽን የነካውን ፈልጉ።»

አባ መዝገብ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አራት ወር ወደ ኋላ ገለጠ። ሰባተኛው ቀን ላይ በእትዬ እጅ ጽሑፍ ሁለት ቃል አለ። «ልጄ፤ ኮምፒውተር።»

«ልጅየዋ እንግዲህ» አለ።

«የራሷን ደብዳቤ ደብቃ ምን ልትጠቀም?»

ጎረቤትየውን ከአጥሩ ማዶ ጠሩት። የተጻፈውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እሷን እኮ ልጄ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። ሚጢ ነው የሚሏት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዛሬም ሚጢ ናት። ልጄ የሚሉት ረዳታቸው የነበረውን ነው። ‹ልጄ መጥቶ ኮምፒውተሬን አስተካከለልኝ› ብለው ያን ሰሞን ስንት ጊዜ አወሩልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «አንድ ጥያቄ ብቻ። ኢሜይል ዛሬ ጽፎ ነገ በዚህ ሰዓት ሂድ ማለት ይቻላል?»

«ምን ችግር አለ። ሰዓቱን ይሞሉለታል፣ እሱ በሰዓቱ ይሄዳል። እርስዎ ተኝተውም ይሁን፣ ሌላ ቦታ ሆነው።»

«እሺ። ማጣሪያውን እንዳለ ተይው። እንዳትነኪው።»

*

ዓርብ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኢንስፔክተሯና አባ መዝገብ የረዳትየው ቢሮ ገቡ። የመፈተሻ ፈቃዱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሁለት ፖሊሶች የድርጅቱ ቀዝቃዛ መጋዘን በር ላይ ቆመዋል። ረዳትየው ተነስቶ ተቀበላቸው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ያቺን የሐሙስ ጠዋት ኢሜይል እስቲ ያንብቡልኝ» አለችው።

ቅጂውን ተቀብሎ አነበበላት።

«ጄኔሬተሩ ነበር ያስቸገረዎት?»

«በጣም። መብራት ጠፍቶ።»

«አባ መዝገብ።»

ሳጅኑ ማስታወሻውን ገለጠ። «ከሰሌዳው ላይ የገለበጥኩት ነው። ‹ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት በጥገና ምክንያት መብራት ይጠፋል።› ከሥሩ ደግሞ በእስክሪብቶ ‹ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል› ይላል። ይህቺ የተጻፈችው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ዘበኛው ራሱ ነው የጻፋት። ጄኔሬተሩ ያን ቀን አልተነሳም። የነዳጁንም መዝገብ አይቻለሁ።»

ረዳትየው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ምናልባት ቀኑን አሳስቼ ይሆናል። ብዙ ኢሜይል ነው የምጽፈው።»

«ረቡዕ ማስታወቂያውን አይተው ነው የጻፉት» አለች። «እውነት እንዲመስል አንድ ነገር ጨመሩበት። ጠዋት እዚህ ቢሆኑ ኖሮ መብራቱ እንዳልጠፋ ባወቁ ነበር።»

«ይህ ግምት ነው።»

«ልክ ነው፣ ግምት ነው።» ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ግማሽ ደቂቃ ቀርቷል። «የእትዬ ልጅ ሆስፒታል ናት። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእናቷ አንድ ኢሜይል እንድትልክ ጠይቄያታለሁ። ለእናቷ ብቻ፣ ለማንም አይደለም።»

ከመስኮቱ ውጭ አንድ ጋሪ ኮንክሪቱ ላይ እየተንኳኳ አለፈ።

የረዳትየው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጢን አለ።

እጁ ሊሸፍነው ተዘረጋ፤ መሐል ላይ ቆመ።

«ይመልከቱት» አለች ኢንስፔክተሯ።

ስልኩን አነሳ። አነበበው።

«ነቁ?»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። ልጅቷ ምን እንደምትጽፍ አስቀድማ አታውቅም ነበር። «እማ፣ ዛሬ ጠዋት ዓይንሽን ገልጠሽ እጄን ጨበጥሽው» ይላል።

«ነቅተዋል» አለች።

ረዳትየው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የታረመው ንግግሩ ጥሎት ሄደ።

«እስከ ስድስት ሰዓት አይመለሱም ብዬ ነበር። ጠርሙሶቹ ላይ ያለው ቁጥር በሳቸው ቋንቋ ነው፤ ከደብተሩ ጋር ሳመሳክር ሰዓቱ ሄደ። ሚጢ በሩ ላይ ስትቆም ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ድምፁን አጠፋሁና እስክትሄድ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። የመጨረሻውን ሳጥን ሳነሳ እትዬ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ማቀዝቀዣው አጠገብ ተፋጠጥን። አልመታኋቸውም። ገፍቼ ላልፍ ስል ተደናቅፈው በግንባራቸው የማቀዝቀዣው በር ጠርዝ ላይ ወደቁ። ጠራኋቸው። አልሰሙኝም።»

«አምቡላንስስ ጠሩ?»

«አልጠራሁም።»

«በየት ገቡ?»

«ረዳታቸው ሳለሁ በሰጡኝ ቁልፍ። ልመልስ ስል አልቀበልም ብለው እኔ ጋ ትተውት ነበር።»

አባ መዝገብ ጻፈ። መጋዘኑ ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሃያ አራቱ ጠርሙሶች በድርጅቱ አዲስ ወረቀት ተለጥፈው ተገኙ። ወረቀቱን ሲልጡት የእትዬ ባቄላ እጅ ጽሑፍ ከሥሩ ነበር። ደብተሮቹም ከጎናቸው ናቸው።

*

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ሆስፒታል የሄደችው ቃል ለመቀበል ነው። እትዬ ባቄላ ራሳቸው በነጭ ፋሻ ተጠምጥሞ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሚጢ አልጋው ጫፍ ላይ ናት። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ያዋሰቻቸው ላፕቶፕ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። ማጣሪያው ተነስቷል፣ የአድራሻ መዝገቡ ታርሟል፣ አሥራ አምስቱም ኢሜይሎች ኢንቦክሱ ውስጥ ናቸው።

ኢንስፔክተሯ ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ አቀረበች። አሮጊቷ ለእያንዳንዱ አጭርና ጥርት ያለ መልስ ሰጡ። የረዳታቸው ስም ሲነሳ ብቻ መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ አዩ።

«ሥራውን ከመጀመሪያው ያሳየሁት እኔ ነበርኩ» አሉ። «ቢጠይቀኝ ኖሮ ባቄላዋን አብረን እናስመዘግባት ነበር። አልጠየቀኝም።»

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወደ ላፕቶፑ ተመለሱ።

«ሐኪሙ ዕረፊ ብሏታል» አለች ሚጢ ለኢንስፔክተሯ። «ከትናንት ጀምሮ አንድ በአንድ ልመልስ ብላ ይዛኛለች። እዚህ ተቀምጬ እያየችኝ። ተይው እማ፣ ሁሉንም በቃል ነግሬሻለሁ ብዬ ጻፍኩላት፤ አልሰማ አለች።»

እትዬ ባቄላ በሁለት ጣት ነበር የሚጽፉት፤ ቀስ እያሉ፣ ፊደል እየፈለጉ። የመጀመሪያው ኢሜይል ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። «እማ፣ በሰላም ገባሁ። ተቆጥተሽኝ ስለወጣሁ መንገዱን ሙሉ ከፍቶኝ ነበር። ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ይላል፤ ቀኑ የዛሬ አራት ወር ነው።

አሮጊቷ ላክ የሚለውን ተጫኑ። ሚጢ ቦርሳ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አወጣችው፤ ካነበበች በኋላ ለኢንስፔክተሯ አቀበለቻት።

«ሚጢ፣ በሰላም በመግባትሽ ደስ ብሎኛል። ጉልበቴ ደህና ነው፤ አሁን የሚያመኝ ራሴን ነው። ቁጣውን ትቼዋለሁ። አሁን ሁለተኛውን ልመልስ ነው፤ አታቋርጪኝ።»